ሰባት ሺህ እርምጃ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሚዛን መርምሬያለሁ፤
ከሳህኑ በታች የነጋዴን ጣት አድብቼ ይዣለሁ።
በኦውሉ ገበያ፣ ከባሕሩ ዳር፣
ዓሣ ሻጩ በፈገግታ አምስት ግራም ሲያሻግር፣
"ጣትህንም ጭምር ልንገዛው ነው እንዴ?" ብዬ ጠይቄያለሁ፣
የነሐስ ክብደቴን ከሻንጣ አውጥቼ አሳፍሬያለሁ።
ቱሊኪ ይሉኛል።
ስሜን ሲሰሙ ሚዛኖች ቀጥ ይላሉ ተብሎ ተቀልዷል።

ዘንድሮ ግን ተራው ዞረና ደረሰ፤
መዛኟን ሊመዝን አንድ ስልክ ኪሴ ገብቶ ተኮፈሰ።

ሁለት ጊዜ ወድቄ፣ ሁለት ጊዜ ድኜ፣
ለሦስተኛው ጉድጓድ ጠባቂ ለምኜ
ከሆስፒታል ጥናት በፊርማዬ ገባሁ።
"ወሬሽን አይሰማም" አሉኝ፤ ተረዳሁ።
የሚቆጥረው ሌላ፤
ስንት በር እንደከፈትኩ፣ ስንት መንገድ እንደሄድኩ ከቁርስ በኋላ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መስታወቱ ስንቴ እንደሚበራ፣
ለወንድሜ ስጽፍ ጣቴ ፊደሉን ምን ያህል እንደፈራ፣
"ደህና ነኝ" የሚለው
ከመላኩ በፊት ስንት ጊዜ እንደሆነ የተሰረዘው።
"ከመውደቅሽ በፊት" አለችኝ ነርሷ፣ ሳይሚ፣
"ሦስት ሳምንት ቀድሞ መስመሩ ያዘቀዝቃል፤
አንቺ ገና ሳታውቂ እግርሽ ያውቀዋል።"
ሆድ ያባውን፣ እንግዲህ፣ ስልክ ያወጣዋል።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣
ፀሐይ ከቀኑ ስምንት ተኩል ላይ ጓዟን ስትጠቀልል፣
መጣ።
በር ሳያንኳኳ፣ ስሙን ሳይናገር፣ ድምፁን ሳያወጣ።
ደረቴ ላይ ሰፍሮ እንደ ባለርስት እግሩን አንፈራጠጠ፤
ብርድ ልብሱ፣ ጣሪያው፣ የጥርስ ብሩሼ፣ ሁሉም ክብደት ዋጠ።
ስንት ኪሎ ነበር? ሙያዬ ነውና መልስ ባገኝ በወደድኩ፤
በመሥሪያ ቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ግን ለእሱ የሚመጥን ነሐስ ፈልጌ ደከምኩ።

ሳይሚ እንዳትደውል፣ "እንዴት ነሽ?" እንዳትል፣
መልሱን የምሸከም ጉልበት የለኝምና፣ ጀመርኩ ማታለል።
የጎረቤት ልጅ፣ ኤሊስ፣ የአሥራ አንድ ዓመት፣
ውሻዬን ኑፒን ማለዳና ማታ ያወጣዋል፣ ለአምስት ዩሮ በሳምንት።
ስልኩን በካልሲ ጠቅልዬ
ከኑፒ አንገት ላይ ሰፋሁት፣ "ሂድ፣ እኔን ሁንልኝ" ብዬ።
ሰባት ሺህ እርምጃ!
መስመሩ ለመለመ፤ እኔ ከግድግዳው ስንጥቅ ጋር ብቻ ለብቻ።
ዕድሜዬን በሙሉ ያሳደድኩት ጣት፣
ከሳህኑ በታች ዛሬ ብገልጠው፣ የራሴ ሆኖ አገኘሁት።

በአሥራ አንደኛው ቀን የበሩ ደወል አቃጨለ።
ኤሊስ በረዶ ለብሶ፣ "ኑፒ ይጮኻል" አለ፣
"አንገቱ ነው የሚጮኸው፤ እሱማ ደንግጧል።"
ካልሲውን ፈታሁት። ሳይሚ ናት። ድምጿ ይስቃል ወይስ ያዝናል?

"ቱሊኪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤
ትናንት ማታ በየመብራቱ ምሰሶ ሥር ለምን ቆምሽ?
አርባ አንድ ቦታ ነው። ቆጠርኩት፣ ደግሜ።
ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ካለውማ፣ ሦስት ደቂቃ!"
ዝም አልኩ፣ ስልኩን ተሸክሜ።

ከሆዴ አንድ ነገር፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ፣
ሲጢጥ እያለ ወጣ፤ ሳቅ ነው፣ አቤት ሲያስጠላ መጀመሪያ፤
ሳቁም ወዲያው ቀለጠ፣ አገጬ ላይ ወረደ።
ኤሊስ ጫማውን አይቶ ዝም አለ፤ ግን የትም አልሄደ።

"እሱ ኑፒ ነው" አልኳት።
"አንቺስ?"
"እኔማ የለሁበት።"

ሚዛን ሁሉ ይስታል፣ ሰው መጥቶ በእጁ ካልነካው በዓመት፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ደሞዝ የበላሁባት
እውነት ይህች ነበረች። ለራሴ ስትሆን ረሳኋት።

ሳይሚ በአውቶቡስ መንገድ ላይ ነች፤ ዘጠኝ ፌርማታ ቀርቷታል።
ኤሊስ የውሻውን ገመድ ይዞ፣ አንዱን ጫፍ ለእኔ ዘርግቶልኛል።
አልጋ ሥር ጎንበስ ብዬ
አንዱን ጫማ አገኘሁ።
ሌላው ገና ነው።